ልጄ እንደ ባዕድ የጻፈችው ቤት

ሰኞ፣ ጥር 14

ሞፈር የሚለው ቃል ጠፍቷታል። የገዛ ልጄ፣ ከሞፈርና ከቀንበር መሀል ያደገችው፣ ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ለተማሪ አማርኛ የምታስተምረው እመቤት፣ በሬ ማለት አቅቷት «ሁለት ፍጥረቶች» ብላ ጽፋለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ አላታለለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥምቀት መጥታ ስትመለስ አምስት ቅጠል ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልብ ወለድ ነው አለች። ከራሷ የፈጠረችው ታሪክ ማለቷ ነው። ቤቱ ግን የእኛ ቤት ነው፣ ሰውየውም እርስዎን ይመስላል አለችኝ። እሑድ በሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ የጻፈው ሁሉ ያነባል። እሷም ልታነበው አስባለች። እኔ ሳልፈቅድ ግን አታነበውም። እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ ብላ ሄደች። ሰው ፊት ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጎልማሳ ሆኜ። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። ቀስ እላለሁ እንጂ ያነበብኩት ይገባኛል። ይህንን ደብተርም የምጽፈው ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ባለቤቴ አሰገደች ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም፤ እጽፋለሁ።

ዛሬ አራቱን ቅጠል ጨረስኩ። እንዲህ ይላል አንዱ ቦታ፦

«ሁለት ፍጥረቶች አንገታቸው በአንድ እንጨት ተይዟል። ከኋላቸው አንድ ሰው ይሄዳል። የመሬቷን ጀርባ ይፍቃል። ሄዶ ሄዶ ዳር ሲደርስ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ይመለሳል። እንደገና ይመለሳል። የረሳውን አያገኝም።»

ይህ እርሻ ነው። ማረስ ይባላል። ስም አለው።

እስክሪብቶዬን አነሣሁና አቀናሁላት። አንገታቸውን የያዘው እንጨት ላይ ቀንበር ብዬ ጻፍኩ። ረጅሙ እንጨት ሞፈር። ሰውየው የጨበጠው እርፍ። ቤት ውስጥ ደግሞ «ከጭቃ የተሠራች፣ ከማእዘን የማትነሣ፣ በሆዷ የዓመቱን የያዘች ወፍራም ሴት» የምትላት አለች። ጎታ ናት። እናቷ በእጇ የሠራቻት ጎታ። ገና ጎሕ ሳይቀድ «ቀይ ዘውድ ጭኖ አገሩን የሚያዝ ሹም» ያለችውም አውራ ዶሮ ነው።

ሃያ ሦስት ቦታ አቀናሁ። እጄ ዝሏል። አምስተኛው ቅጠል ይቆየኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ዛሬ ሙሄ አውድማ ላይ ዋልኩ። ሙሄ ጎረቤቴ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አጥራችን አንድ ነው። ወንፈል ስላለብን ስንዴውን አበራየንለት።

አሳፋሪ ነገር ሠራሁ። እጽፈዋለሁ።

በኛ አገር አውድማ ላይ አንድም ነገር በስሙ አይጠራም። በሬው ሌላ ስም አለው፣ መንሹ ሌላ፣ እህሉ ሌላ። መብላትም መሄድም ሌላ ቃል አላቸው። በስሙ ከተጠራ በረከቱ ይነሣል፤ ጆሮ ያለው የማይታይ ነገር ሁሉ ሰምቶ ይመጣል። ከአባቶቻችን የተረከብነው ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ነው በዚህ። ቃሎቹን እዚህ አልጽፋቸውም። ለደብተር አልተፈጠሩም።

ታዲያ እኔ፣ በዚህ የሚሳሳት ሰው ሲገኝ የምቀጣው እኔ፣ ሐሳቤ በልጄ ወረቀት ላይ ሆኖ «በሬውን መልሰው» አልኩ። በጠራ አማርኛ። ሁሉም ቀጥ አሉ። ሙሄ መንሹን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣ ዛሬ አያሌው ከተማ ገብቷል አለ። ሳቁብኝ። ከአውድማው አስወጥተው ተመልሼ እንደ አዲስ እንድገባ አደረጉኝ። ደንቡ ነው፤ ወጣሁ፤ ገባሁ።

ለምሳ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ለሙሄ ነገርኩት። ልጅቱ የገበሬ ልጅ መሆኗን ረስታለች፤ በሬን በሬ ማለት አፍራለች አልኩት። ሙሄ እንጀራውን ጠቅልሎ ሳይጎርሰው ያዘው።

«አንተስ ከጠዋት ጀምሮ አንዱንም ነገር በስሙ ጠርተሃል? አንድ ጊዜ ብትጠራ ተባረርክ።»

ያ ለበረከት ነው አልኩት። እኛ ስሙን የምንደብቀው ለምክንያት ነው።

«የሷስ ለምን እንደሆነ ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኳትም። ሙሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የያዘውን ጎረሰ።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሥራ የለም። ጠዋት ተሳልሜ ወደ መካነ ሰላም ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር። ወረቀቱን በኪሴ ሳይሆን በፌስታሉ እንደነበረው በእጄ ያዝኩት፤ እንዳይታጠፍ።

እመቤት የምትከራይባት ክፍል ጠባብ ናት፤ መጽሐፍ ግን ሞልቷታል። ወረቀቱን ሰጠኋት። የጻፍኩትን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። እንዳትስቅ ነው። ይህን ሁሉ እርስዎ ነዎት የጻፉት? አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት፤ ይጠቅምሻል።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች። ልክ እርስዎ እንዳቀኑት ላንብብልዎት አለችና አነበበች። «ሰውየው በሬዎቹን በቀንበር ጠምዶ፣ እርፉን ጨብጦ፣ እርሻውን አረሰ።» አለቀ። እሺ፣ አልኩ። አረሰ። ምን አለበት?

ቀጥላ የራሷን አነበበች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ዳር ሲደርስ ይመለሳል። የረሳውን አያገኝም።

ምን ሆንኩ? እጄ ላይ እርፉ መጣብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር ስመላለስ አንድ ቀን ምን ፈልጌ ነው የምመለሰው ብዬ አላውቅም። ተመለስ ስለሚባል ነው የምመለሰው። ደግሞ የአራቱ ጥማድ ማሳ ዳር ላይ ያለችው ድንጋይ ታየችኝ፤ በሬዎቹ እየዞሩ አንድ ጎኗን የሞረዷት። ስንት ዓመት አጠገቧ ዞሬ ዛሬ ከተማ ተቀምጬ አየኋት።

ይህንን አልነገርኳትም። እንቆቅልሽ ነው እንዴ የጻፍሽው? አልኳት።

«አይደለም አባዬ። እንቆቅልሽ መልሱ ሲገኝ ያልቃል። ይሄ መልሱ ከተገኘ በኋላ ነው የሚጀምረው። እርስዎ እርሻ መሆኑን ወዲያው አውቀዋል። ግን ‘አረሰ’ ብልዎት ጆሮዎ ሰምቶት ያልፋል፤ ዓይንዎ አያየውም፤ ስንት ጊዜ ሰምተውታልና። ስሙን ስነፍግዎት ቆመው ያዩታል።»

ትንሽ አሰብኩ። ሽንፈት መስሎ እንዳይታይ ዶሮውን አነሣሁባት። ሞፈሩስ ይሁን፤ ዶሮን ሹም ማለት ግን ምን ያሳያል? ዶሮው ያው ዶሮ ነው፤ የታየሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ወረቀቱን አንሥታ አነበበች። ደግማ አነበበች። እውነትዎን ነው፣ ይሄ ለማማር ብቻ የገባ ነው አለችና ሰረዘችው። እኔ ነኝ ያሰረዝኩት። መምህርት ናት፤ ሰረዘችው።

ስወጣ አምስተኛውን ቅጠል ንጹሕ ሆኖ አየችው። አላነበቡትም? አለች። ደክሞኝ ነው አልኩ። ፊቷ ልውጥ አለ። እሱን ሳያነቡ ፈቅጃለሁ እንዳይሉኝ አለች። መልሳ በፌስታሉ ሰጠችኝ።

በመኪና ተመለስኩ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ አይደለም፤ መንገድ ላይ እንዳይመሽብኝ ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 17

አነበብኩት።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውየው ወደ አንዲት ቤት ይመጣል። ቤቷን ጠዋት የዘጋት ራሱ ነው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ውስጥ ማንም እንደሌለ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከጉሮሮው ድምፅ ያወጣል፤ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ይጠብቃል። ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ የእጅ ውኃ ለማንሣት የሚፈጅበትን ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ቁልፉን ያወጣል።»

ልማዴ ሆኖ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ከጉሮሮው ድምፅ የሚለው ላይ ሳል ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ሳል አይደለም። እኔ አልታመምኩም። ሰረዝኩት። ሌላ ቃል ፈለግኩ። ወንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፤ ባለቤቱ መምጣቱን እንድታውቅ ነው፤ አባቴም ያደርግ ነበር። ግን ስሙን አላገኘሁትም። ባለቤት የሌለችበት ቤት ላይ ሲደረግ ደግሞ ምን ተብሎ ይጠራል? በአራቱ ቅጠል ላይ ሃያ ሦስት ቃል አላጣሁም። እዚህ አንድ አጣሁ።

እንደዚህ እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በእግዚአብሔር ስም አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ንዴት ነው። መቼ አየችኝ? ትዝ አለኝ፤ በመስከረም አንድ ቀን ሳትነግረኝ መጥታ ቁልቋሉ ሥር ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ደርሼባት ነበር። እኔ የደረስኩባት ከበሩ ተመልሼ ነው። ስለዚህ አይታለች። አይታ ዝም ብላ፣ ራት አብልታኝ፣ ሄዳ ጻፈችው። አሁን ደግሞ ለመካነ ሰላም ሰው ልታነበው ነው። አያሌው ባዶ ቤት ያስፈቅዳል ይባልልኝ እንግዲህ። እኔ በሰው ፊት ያላለቀስኩ ሰው ነኝ። በአሰገደች ቀብር ቀን ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ለቀስተኛውን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ያነሣሁበት ቀን የለም፤ ልጆቹም ሲያነሡ ወሬ እለውጣለሁ።

ስልክ ደወልኩ።

«አታነቢውም» አልኳት።

ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«እሺ አባዬ።»

ለምን አትዪኝም እንዴ? አልኳት። ፈቃድዎን ነው የጠየቅኩት፣ ነገሩኝ፣ በቃ አለች። ድምጿ አልተቆጣም። ዘጋሁት።

እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ንዴቴ ይዞ የሚቆምበት አጣ።

ዐርብ፣ ጥር 18

ቀኑን ሙሉ ጭድ ስከምር ዋልኩ። ሥራው አለቀ፤ ሐሳቡ አላለቀም።

ማታ ሊሆን ሲል ወደ ቤት መጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ በራሱ ተነሣ። ያዝኩት። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዞር አልኩ፤ ውሻው ብቻ ነው። ቁልፉን አወጣሁ፤ ዝም ብዬ ከፈትኩ፤ ዝም ብዬ ገባሁ።

ቤቱ ሌላ ሆነብኝ። የሰው ቤት የገባሁ፣ ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። ጎታዋ፣ መደቡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንፊት፣ ሁሉም ምን ፈልገህ ነው የሚሉኝ ይመስላሉ። መደቡን አየሁት። አሰገደች ትቀመጥበት የነበረው የግድግዳው በኩል ልስኑ እንደ አዲስ ነው። በእኔ በኩል ያለው ተቦርቡሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠርዝ ላይ ነው የምቀመጠው። ባዶ ቦታ ሞልቶኛል፤ እኔ ግን ጠርዝ ላይ።

ተመልሼ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ቆምኩ። አደረግኩት፤ ያንን ስም ያጣሁለትን። ጠበቅኩ። ገባሁ።

ሦስት ዓመት በየቀኑ ያደረግኩት ነገር ነው። አውቄ ያደረግኩት ግን ዛሬ ነው።

ሙሄ ከመስጊድ ተመልሶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበርና ሰምቶኛል መሰለኝ፣ ጠራኝ። ሄድኩ። ልጄ የጻፈችውን ከዳር እስከ ዳር ነገርኩት፤ የበሩንም ሳይቀር። ያሾፋል ብዬ ነበር። አላሾፈም።

«እኔኮ ሁልጊዜ እሰማሃለሁ። ዱዓ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩህ።»

ከዚያ ስለ ጭዱ አወራን።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ገብርኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወልኩላት። አላነሣችም። ደገምኩ። አላነሣችም። ሌላ ሰው የሷን ተራ ወስዶ ይሆናል አልኩ። ፕሮግራሙ ተሠርቶ ይሆናል። እኔ አርፍጄ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ ራሷ ደወለች፤ ልብስ እያጠበች ነበር።

አንብቢው አልኳት።

አባዬ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ብለው ከሆነ ይቅር አለችኝ። አይደለም አልኳት። አይደለም ብዬ ምን እንደሆነ ግን መናገር አቃተኝ። በስልክ የሚነገር አልሆነም። አንድ ነገር ብቻ አልኩ፤ ስሙን አታድርጊበት፤ እንደጻፍሽው ተዪው፤ እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም አልኳት።

ከዚያ፣ ይመጣሉ? አለች።

ጫማዬን እየጠረግኩ ነው አልኳት። ውሸት ነው። ከዘጋሁ በኋላ ጠረግኩት።

ሰኞ፣ ጥር 21፣ መካነ ሰላም

አስተርእዮ ማርያም። ትናንት አልጻፍኩም፤ ደብተሬ ቤት ነው፤ ይህንን የምጽፈው በእመቤት ወረቀት ላይ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከገበያ በኩል የመጡ ነጋዴዎችም ነበሩ። እኔን ፊት አስቀመጡኝ፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው፤ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ከእመቤት በፊት ሦስት ሰዎች አነበቡ። አንዱ ስለ አበባ ነው። ረጅም ነበር።

እመቤት ቆመች። ሁለቱ ፍጥረቶች ሲመጡ ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። ሰውየው የረሳውን አያገኝም ስትል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ፣ ከከላላ ወረዳ የመጣ ይመስለኛል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጨብጥና ሲለቅ አየሁት። እርፉ እሱም ጋ ደርሷል።

አምስተኛው ቅጠል ላይ ደረሰች። «ውስጥ ማንም እንደሌለ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም» አለችና ቆመች። ውኃ ጠጣች። ጀመረች፤ ድምጿ አልወጣም። ደግማ ጀመረች። ለካ እሷም እናቷን ቀብራለች። እኔ ወሬ በለወጥኩ ቁጥር እሷም አብራ ዝም ስትል ኖራለች።

ማን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ተነሥቼ ሄድኩ። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩት። ጣቴን ከሥሩ አደረግኩና አነበብኩ። ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። በ-ሩ ላይ። ሲ-ደ-ርስ። ይ-ቆ-ማል። እንደ መሠረተ ትምህርት ተማሪ። አንድ መስመር ዘለልኩ፤ ተመልሼ ያዝኩት። ላብ አጠመቀኝ። የሚስቅ ቢኖር አልሰማሁትም። «ይጠብቃል» የምትለው ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ፤ ሰዉ ግን አውቄ የቆምኩ መሰለው፤ እሱም አብሮኝ ጠበቀ። ከዚያ ጨረስኩት።

አንድ ወጣት መምህር እጁን አወጣ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው በሚስቱ ሐዘን ላይ ነው ብሎ በግልጽ መጻፍ አይቻልም ነበር ወይ? አለ። እመቤት ዓይኗን ጠርጋ መለሰች።

«መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ራሴ አላዘንኩም።»

ሌላ ጠያቂ አልነበረም።

ወደ ክፍሏ ስንመለስ ብዙ አላወራንም። ሽሮ ሠራች። ቢሞቅም እጄን አቃጠለኝ ሳልል በላሁ። ከራት በኋላ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ፣ አባዬ፣ ስለ እናቴ ይንገሩኝ አለችኝ።

ምን እነግርሻለሁ፣ እናትሽ ናት፣ ታውቂያታለሽ አልኳት።

«አላውቃትም ብለው ይንገሩኝ። ምንም እንዳላየኋት አድርገው።»

ወሬ ልለውጥ አፌን ከፈትኩ። የሚለወጥ ወሬ አልመጣልኝም። ከየት ይጀመራል? ስሟን ብጠራ ሁለታችንም እናልፋታለን። አሰብኩ። እሷም አላስቸኮለችኝም።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አልኩ። «ቀና ብላ ፊቴን ከማየቷ በፊት ጫማዬን ነው ያየችው።»